ዕርፉን ማን ይጥረበው? የቤት እጀታና የባለሙያ እጀታ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

ከንፋስ መውጫ ወደ ጨጨሆ በሚወስደው መንገድ ዳር ገበሬ ሲያርስ ቆሞ ያየ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው በሬዎቹ ላይ ነው። ከዚያ የጅራፉ ጩኸት ጆሮውን ይስበዋል። ከጠዋት እስከ በሬ መፍቻ ከገበሬው መዳፍ የማትለየውን የዕርፍ ጫፍ ግን ልብ የሚላት የለም። ከአንድ ጋት ብዙም የማትበልጥ፣ በላብና በዓመታት የወዛች፣ እንደ ቀንድ የምታብረቀርቅ እንጨት ናት። የጤፍ ማሳ ሳይዘራ በፊት ሦስት አራት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይታረሳል። በእያንዳንዱ ዙር ገበሬው ማረሻው ምን ያህል እንደጠለቀ የሚያውቀው፣ ከአፈሩ ሥር ድንጋይ መኖሩ የሚሰማው፣ ማረሻውን የሚጫነው ወይም የሚያነሣው በዚህች ጫፍ ነው።

እጅ የሚይዘውን ነገር ባለቤቱ ራሱ ይሥራው ወይስ ለባለሙያ ይተወው? ጥያቄው ትንሽ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ስመላለስ የገበሬው የሥራ ዕቃ ታሪክ በሙሉ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ሲሽከረከር አይቻለሁ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። መዳፍ የሚነካው ክፍል መዳፉ ባለበት ቤት ቢሠራ ይሻላል፤ አፈር የሚነካው ክፍል የባለሙያ ነው። ባለሙያው ሁለቱንም እሠራለሁ ካለ ደግሞ ከመዳፉ ይጀምር።

ክርክሩ የጋይንት ብቻ አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጋቸውን ቤታቸው ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። መያዣውን በቡሽ ወይም በስፖንጅ ያለብሱታል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ዘንጉን ሙጫ ቀብተው እጅግ አጫጭር የናይለን ክር ይነሰንሱበታል። ሲደርቅ እንደ ከፋይ ይለሰልሳል፣ በእርጥብ እጅ እንኳ አያንሸራትትም። ፋብሪካ ክሩን በኤሌክትሪክ ኃይል እየሳበ ቀጥ አድርጎ ስለሚተክለው ሥራው እኩል ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ቶሎም አይላጥም። የቤቱ ሳሳ ይላል፤ ነገር ግን ለአንድ ሰው ጣት ተለክቶ የተሠራ ነው። በሩቅ አገር የተነሣው ይህ ጥያቄ በእኛም አገር አለ፤ ልዩነቱ የእኛ ገበሬ የሚይዘው ዘንግ ዓሣ ሳይሆን እንጀራ የሚወጣበት መሆኑ ነው።

በተለምዶ ማረሻ ብለን የምንጠራው ዕቃ የብዙ ሰው እጅ ያለበት ሥራ ነው። አፈሩን የሚሰነጥቀው ብረት ማረሻ ነው፤ አፈሩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚገፉት ሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች ድግር ይባላሉ። ረጅሙ እንጨት ሞፈር እስከ በሬዎቹ ቀንበር ይዘልቃል፤ ወገል የሚባለው ብረት ያያይዛቸዋል፤ ከታች ተነሥቶ ወደ ሰውየው እጅ የሚመጣው ደግሞ ዕርፍ ነው። ከዚህ ሁሉ ቀጥቃጭ የሚሠራው ማረሻውንና ወገሉን ብቻ ነው። እንጨቱና ጠፍሩ የገበሬው ነው። ከነቀንበሩ ክብደቱ 20 ኪሎ ገደማ ስለሆነ አንድ ሰው በትከሻው ተሸክሞት ቁልቁለት ይወርዳል፣ ዳገት ይወጣል። ጭንጫ በሆነው የጋይንት ተዳፋት ላይ ይህ ቅለት ትልቅ ነገር ነው። ማረሻው ድንጋይ ሲነካ ገበሬው በአንድ እጁ ብድግ አድርጎ ያሻግረዋል፣ ከድንጋዩ ማዶ መልሶ ይተክለዋል።

በአንድ እጁ ማለቴ እንዲሁ አይደለም። ሌላው እጅ ጅራፍ ይዟል። በወንጌል ዕርፍ ይዞ ወደ ኋላ ስለሚመለከት ሰው የተነገረው ቃል ለዚህ አገር ገበሬ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ዞር ባለ ቅጽበት ትልሙ ይጣመማል።

አንድ የበጋ ቀን ላይ ጋይንት ውስጥ አንድ አዛውንት ዕርፍ ሲጠርቡ አጠገባቸው ተቀምጬ ዋልኩ። እንጨቱ የወይራ ቅርንጫፍ ነበር። ከሥሩ ጎበጥ ያለውን መርጠው ነው የቆረጡት። “ቀጥ ያለውን ሳጎብጥ ምን አደከመኝ፤ ይኸ ዕርፍ ሆኖ ነው የበቀለው” አሉኝ። ልጡ ተልጦ ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ወራት ሰንብቷል። ጭስ እንጨትን በዝግታ ያደርቀዋል፤ በዝግታ የደረቀ እንጨት አይሰነጠቅም፣ ነቀዝም ቶሎ አይደፍረውም። መጥረቢያው ቅርጹን አወጣ፣ ቢላዋው አስተካከለ፣ በመጨረሻ የጠርሙስ ስባሪ መጣ። ስባሪውን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ራሳቸው ሲስቡት የሚረግፈው ፍቅፋቂ ከዱቄት አይተናነስም ነበር። በየመሃሉ ዓይናቸውን ጨፍነው በመዳፋቸው ይዳስሱታል። ሻካራ የቀረበትን ቦታ ዓይናቸው ሳይሆን እጃቸው ነበር የሚያገኘው።

ከዚያ ተነሥተው ቆሙ፤ ዕርፉንም ከጎናቸው አቆሙት። ክርናቸው በመጠኑ እንደታጠፈ መዳፋቸው ጫፉ ላይ አረፈ። “ከዚህ ቢረዝም ትከሻ ይበላል፣ ቢያጥር ወገብ ይበላል” አሉ። ልኬቱ ይኸው ነበር።

“አባባ፣ ገበያ ላይ የተጠረበ ይሸጥ የለም እንዴ?” አልኳቸው።

“ይሸጣል እንጂ ልጄ። ሞፈርም ይሸጣል፣ ቀንበርም ይሸጣል። እጄን ግን ለማን ልኬ ልስጠው?”

ይህ መልስ የጉዳዩን ግማሽ ያህል ይሸፍናል። ቁመቱ ረጅም የሆነ ሰው ዕርፍ ለአጭሩ አይሆንም፤ ለአባት የተሠራው ለልጅ አይሆንም። በስማዳ ቆላ ለአሸዋማው መሬት የሚበቃው ውፍረት በእስቴ ዋልካ ላይ ሊሰበር ይችላል። የሚገዛ እጀታ የሚሠራው ለማንም ነው፤ የሚጠረብ እጀታ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጥንድ በሬና ለአንድ ማሳ ነው።

ሌሎቹን እጀታዎች በአጭሩ ላንሣ። የማጭድ እጀታ ትንሽ ናት፤ ቀጥቃጩ የማጭዱን ጅራት በእሳት አግሎ እንጨቱ ውስጥ ይሰካዋል፤ እንጨቱ ተቃጥሎ ይቀበለውና ይነክሰዋል። የምሳር እጀታ ድቡልቡል መሆን የለበትም፤ ጠፍጠፍ ያለ እንቁላል መሰል ካልሆነ ምሳሩ በሰውየው እጅ ውስጥ ይዞርና ስለቱ አቅጣጫ ይስታል። ለምሳርና ለዶማ ክትክታ ይወደዳል፤ ጠንካራ ነው፣ ምቱንም ችሎ ይይዛል። ሴቶች የሚይዙት ዘነዘናም አለ፤ ቤት ይጠረባል፣ ወገቡን እያቀጠነና እያለሰለሰ የሚጨርሰው ግን የባለቤቲቱ መዳፍ ነው። በሌላ ሰው ዘነዘና ሲወቅጡ የዋሉ ሴቶች መዳፋቸው ውኃ እንደሚቋጥር ነግረውኛል።

እንጨቱ ከየት ይመጣል? ያሳሰበኝ ይህ ነው። የቤት እጀታ ከምንም በፊት የቤት ዛፍ ይፈልጋል። ወይራ፣ ክትክታና ግራር በየጓሮውና በየገደሉ በነበሩበት ጊዜ ገበሬው ገና ዛፉ ላይ እያለ ዕርፉን ያይ ነበር፤ “ያቺ ቅርንጫፍ ለዕርፍ፣ ያቺ ለሞፈር” ብሎ ለዓመታት ይጠብቃት ነበር። ዛሬ ከደብረ ታቦር እስከ ንፋስ መውጫ ኮረብታውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቤት ይሠራል፣ ይሸጣል፣ ብዙ ቤተሰብም ያኖራል፤ ለዚህ ልናመሰግነው ይገባል። ነገር ግን ቀጥ ብሎ ያድጋል እንጂ ጎብጦ ዕርፍ አይሆንም፤ በጥድፊያ ሲደርቅም ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ነባሩ ዛፍ ተጠልሎ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንቶ 168 ዓይነት እንጨታማ ተክል መዝግቧል። በዙሪያቸው ያለው እርሻና ግጦሽ ባዶ በሆነበት አገር ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ግን የደብሩ ዛፍ ለዕርፍ አይቆረጥም፣ መቆረጥም የለበትም። ስለዚህ ከገበያ የተጠረበ ሞፈር የሚገዛው ወጣት ሁሉ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። የሚጠርበው ዛፍ አጥቶ ነው።

እዚህ ላይ የእንጨቱን ሥራ ከብረቱ ሥራ የለየውን አሮጌ ግድግዳ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ገበሬ እንጨት ቢጠርብ ማንም ምንም አይለውም፤ እንዲያውም “እጀ ብልህ” ተብሎ ይመሰገናል። ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው ግን “ቡዳ” እያለ የሚሸሸው ብዙ ነበር፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ቋንቋችን “ባለእጅ” የሚል የተከበረ ስም አበጅቶ ሳለ እኛ ስሙን የስድብ አደረግነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በኋላም አንድ ቀጥቃጭ ለልጁ ሚስት ሲፈልግ የሚያጋጥመው ፊት መዞር እንዳለ ነው። በጎንደር ምድር ከቀጥቃጮቹና ከሸክላ ሠሪዎቹ ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች በሺህ የሚቆጠሩት ወደ እስራኤል ሄዱ። ወናፋቸውን፣ መስፋቸውንና ጉጠታቸውን ጥለው የሄዱበትን ቦታ ተረክቦ የሚሠራ ሰው በቀላሉ አልተገኘም። ሙያን ስንንቅ ባለሙያ ማጣታችን አይቀርም፤ ባለሙያ ስናጣ ደግሞ ስለ ባለሙያ እጀታና ስለ ቤት እጀታ ማወዳደሩ ራሱ ከንቱ ይሆናል።

ከዚህ አገር ሳንርቅ ጋፋት አለ። ደብረ ታቦር አጠገብ ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሠራተኞችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ቦታ ነው። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ በ1860 ዓ.ም. በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ ሲጓዝ መንገዱን የጠረገውና መድፉን የጎተተው የሰው ክንድ ነው። ጋፋት ላይ የነደደው እሳት ለመድፍ ነበር። ያን ያህል ብርታት ለማረሻ ቢውል ኖሮ እያልኩ ቆሜ ያሰብኩበት ቀን አለ።

ማረሻን ለማሻሻል የተደረገውን ሙከራ በቅርበት ያየ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ያገኛል። በጣሊያን ወረራ ዘመን አፈር የሚገለብጥ የአውሮፓ ማረሻ ለማስገባት ተሞክሯል። በ1960ዎቹ አሰላ ላይ የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት፣ ካዱ የሚባለው፣ የራሱን ሠርቶ አሰራጭቷል። ሥራው ጥሩ ነበር፤ አፈሩን ይገለብጣል፣ አረሙን ይቀብራል። ነገር ግን ይከብዳል፣ ዋጋው ይወደዳል፣ የከሳ በሬም አይጎትተውም። ከውጭ የመጡት ገልባጭ ማረሻዎች አብዛኞቹ ደግሞ ባለሁለት እጀታ ናቸው። ሁለት እጁን ያስያዙት ገበሬ ጅራፉን በምን ይያዝ? ባለሁለት እጀታ ማረሻ በሬ የሚመራ ሌላ ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሰው ትምህርት ቤት መዋል የሚገባው ልጅ ነው።

በ1977ቱ ድርቅ አካባቢ ዓለም አቀፉ የአፍሪካ እንስሳት ማዕከል፣ ኢልካ፣ በአንድ በሬ የሚያርስ ማረሻ አወጣ። በሬው ለሞተበት ሰው ታስቦ የተሠራ መልካም ሐሳብ ነበር። ሆኖም ገበሬው መቀናጆን መረጠ፤ አንድ በሬ ያለው ሌላ አንድ ካለው ጋር አቀናጅቶ ማረስ ከአባቶቹ የወረሰው መላ ነው። ኢልካ ለዋልካ መሬት ውኃ ማንጣፈፊያ ያዘጋጀው መደብ መሥሪያም በመጀመሪያ መልኩ ሁለት ማረሻ ጎን ለጎን የተጣመረበት ስለነበር ክብደቱ ሰውንም በሬንም አደከመ።

ነገሩ መልክ የያዘው ባለሙያዎቹ ዕርፉን መንካት ሲያቆሙ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በመልካሳ የተቋቋመው የእርሻ መሣሪያዎች ምርምር በገበሬው በራሱ ዕርፍና ሞፈር ላይ የሚገጠም ገልባጭ ማረሻ አዘጋጀ፤ መጠሪያው ራሱ የዕርፍና የሞፈርን ስም ይዟል። ኢንጂነር መለሰ ተመስገን ደግሞ አይባር የተባለውን መደብ መሥሪያ ሲሠሩ በነባሩ ማረሻ ላይ የሚታሰር ቀላል ብረት አደረጉት። ገበሬው የለመደውን እንጨት ይዞ፣ የለመደውን ጅራፍ አንሥቶ፣ አዲስ ሥራ ይሠራል። እስቴ ውስጥ ክረምት ላይ ውኃ አቁሮ ሰብል የሚያበሰብሰውን ዋልካ ለሚያውቅ ሰው የዚህ ጥቅም ግልጽ ነው። እኔ ከዚህ የምረዳው ባለሙያ አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ መለሰ በደልፍት ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን የሠሩ መሐንዲስ ናቸው። ብልሃታቸው እጅ የሚይዘውን ለእጁ ባለቤት መተዋቸው ነው።

ገበያው ግን ለዚህ ብልሃት ገና አልነቃም። ከወረታ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ ከተሠራ ወዲህ የፋብሪካ ምሳር፣ አካፋና ዶማ እስከ አርብ ገበያና እስከ ወገዳ ይደርሳል። ምሳሩ ከነእጀታው ይመጣል፤ እጀታው በቫርኒሽ ያብረቀርቃል። ሲገዙት ያምራል። ላብ ሲነካው ግን ያንሸራትታል፤ እንጨቱ መተንፈሻ ስለሌለው መዳፍ ይግላል፣ ውኃ ይቋጥራል። በሌላው ዓለምም ልምድ ያላቸው እንጨት ቆራጮች አዲስ ምሳር ሲገዙ በመጀመሪያ ቫርኒሹን ፍቀው ዘይት ያጠጡታል። የእኛ ገበሬም ይህን ሳይነግሩት ያደርገዋል፤ በጠርሙስ ስባሪ ፍቆ ቅቤ የነካ ጨርቅ ያሽበታል።

የሕዝብ ሥራ በሚሠራበት ቦታ ያየሁትን ልጨምር። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት ከታቀፉት ወረዳዎች ውስጥ ናቸው፤ እርከን የሚሠራው በዶማና በአካፋ ነው። አንድ ቀን ጠዋት እርከን ላይ ከተሰለፉት ሰዎች መሐል አንዲት እናት የያዘችው ዶማ ዓይኔን ሳበው። ብረቱ የፋብሪካ፣ እንጨቱ የቤት። ሁለቱ እጆቿ የሚያርፉባቸውን ቦታዎች ብቻ ለይታ በከመነዳሪ ቁራጭ አጥብቃ ጠምጥማቸዋለች፤ ጫፉን በራሱ ውስጥ አሳልፋ ስባዋለች፣ ሚስማር አልነካውም። ሊያሳየኝ ያሰበ ማንም አልነበረም። “እትዬ፣ ይህን ማን ሠራልሽ?” ስላት “እጄ ሲቆስል እጄ ሠራው” ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከእጅ አይሻል ዶማ ይባላል፤ የእሷ ዶማ ግን ከእጇ ጋር ተስማምቶ ነበር። ጎማው ምቱን ያበርዳል፣ ላብም አያንሸራትተውም። ከጎማ በፊት ይህን ሥራ የሚሠራው ጥሬ ቆዳ ነበር፤ እርጥብ ጠፍር ይጠመጠምና ሲደርቅ ተኮማትሮ እንጨቱን እንደ ቅርፊት ይይዘዋል። የተሰነጠቀ እጀታ በዚህ ዘዴ ዓመታት ይኖራል። ያ በባዕድ አገር ሙጫ ላይ ክር የሚነሰንሰው ዘንግ ሠሪ ይህችን እናት ቢያገኛት የሚነጋገሩት ብዙ ነገር ያላቸው ይመስለኛል።

የባለሙያ እንጨት ከቤቱ የሚበልጥበት ቦታም አለ፤ ይህን መካድ አይገባም። ቀንበር እንዲህ ነው። የቀንበሩ ክብደት በሁለቱ በሬዎች መሐል እኩል ካልተከፈለ፣ አንገት የሚያርፍበት ቦታ በደንብ ካልተላገ፣ የበሬው ጫንቃ ይመለጣል፣ ይቆስላል። በሬው አይናገርም። ገበሬው የሚያውቀው ቁስሉን ሲያይ፣ ያውም እርሻው በጋለበት ሰሞን ነው። ብዙ ቀንበር የጠረበ ሰው የብዙ በሬ ጫንቃ ያውቃል። ስለዚህ ቀንበርን ከታወቀ ጠራቢ የሚገዛ ሰው ጥሩ ሠራ እላለሁ። ሞፈርም እንዲሁ፤ ቀጥ ያለና በደንብ የደረቀ ከተገኘ ከማን እንደመጣ አያስጨንቅም። ማረሻውና ማጭዱ ደግሞ የቀጥቃጭ ናቸው፤ ከመኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጦ የወጣ ማረሻ በልምድ ካላጋሉትና ካላበረዱት ወይ ይተጣጠፋል ወይ ይሰበራል። ይህን በቤቱ ልሞክር የሚል ሰው ብረቱንም ማሳውንም ያባክናል።

በቴክኒክና ሙያ ተቋማት የሚማሩ ወጣቶች የብየዳና የብረት ሥራ እያወቁ ይወጣሉ፤ ባሕር ዳር የሚገኘው የግብርና ሜካናይዜሽን ምርምር ማዕከልም ለክልሉ ገበሬ የሚሆን ዕቃ ይሞክራል። ለእነዚህ ሰዎች አንድ ቀላል ነገር መጠየቅ እወዳለሁ። የምትሠሩት ዶማና ምሳር ዓይኑ፣ እንጨት የሚገባበት ቀዳዳው፣ ሰፋ ይበል። የፋብሪካው ቀዳዳ ጠባብና ለፋብሪካው እጀታ ብቻ የተለካ ነው፤ ክትክታ ሊያስገባበት የሚሞክር ገበሬ እንጨቱን ያለ ልክ ያቀጥነዋል፣ እጀታውም በመጀመሪያው ድንጋይ ከአንገቱ ይቀነጠሳል። በሁለት ጣት የሚሰፋ ቀዳዳ ዋጋ አይጨምርም።

እስቴ ውስጥ መካነ ኢየሱስ አጠገብ አንድ በዕድሜ የገፉ ቀጥቃጭ ጋ ለመጥረቢያ የሚሆን ብረት ይዤ ሄጄ ነበር። ከጥሩ ባሌስትራ የተቆረጠ ስለሆነ ደስ ይላቸዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። ብረቱን ተቀብለው መስፉ ላይ አስቀመጡትና አላዩትም። “እንጨቱስ?” አሉኝ። አልያዝኩም አልኳቸው። “እንጨቱን አምጣ፤ ካላየሁት ዓይኑን በምን ልክ ልክፈተው?” ብለው ወናፉን አቆሙ። በማግስቱ አንድ የክትክታ እጀታ ይዤ ስመለስ መጀመሪያ የያዙት እጀታውን ሳይሆን እጄን ነበር። መዳፌን ገልብጠው ካዩ በኋላ እንጨቱን አስይዘውኝ ጣቶቼ የሚገጥሙበትን ቦታ በከሰል ምልክት አደረጉበት።